ልብስ በቃኝ ያለው ሚስባህ

በየሰፈሩ አንድ «ከመስከረም ጀምሮ» የሚባል ሰው አለ። እናንተ ሰፈር ከሌለ፣ አትቀየሙና፣ ሰውየው እናንተው ናችሁ። ይሄ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንደማንኛችንም ይበላል፣ ይተኛል፣ ያረፍዳል። ጳጉሜ ስትገባ ግን የሆነ ነገር ይነካዋል። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ጎረቤቱን ሰብስቦ «ከመስከረም ጀምሮ» ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር በየዓመቱ ይለያያል። ዕድሜው ግን ያው ነው፤ ጥቅምት ላይ ጀናዛው ይወጣል።

እኛ የደሴ ሸዋበር ሰዎች ይሄን ዓይነት ሰው ከሌላ ሰፈር አንበደርም። የራሳችን አለን። ክቡር ሚስባህ ይባላል፤ የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ረዳት ነው።

ሚስባህ የሰው ድምፅ በመስረቅ የታወቀ ነው። ስምንተኛ ክፍል እያለ የሒሳብ አስተማሪውን ድምፅ ከራሳቸው ከአስተማሪው አሳምሮ ያወጣው ነበር። አንድ ቀን እሳቸው አርፍደው ሲመጡ በሩ ተዘግቶ ትምህርት ተጀምሯል። ሲያንኳኩ ከውስጥ የገዛ ድምፃቸው «አሁን ነው የሚመጣው? ወላጅ ይዘህ ና» አላቸው። ወላጅ ይዘህ ና የተባለው ግን በስተመጨረሻ ሚስባህ ሆነ። ወላጅ ደግሞ አልነበረውም። አባትና እናታቸው ተከታትለው ሲያልፉ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሐዋ ናት። ሐዋ መጥታ ይቅርታ ስትጠይቅ አጠገቧ ቆሞ የዳይሬክተሩን ሳል ሲያስል፣ ሚስባህ ከትምህርት፣ ትምህርትም ከሚስባህ ተገላገሉ።

ያለፉትን መስከረሞች ሰፈሩ አይረሳቸውም። አንዱን ዓመት «ከመስከረም ጀምሮ በየማለዳው ጦሳ ተራራ እወጣለሁ» ብሎ እውነትም ወጣ። ያወረዱት ግን የሰፈር ልጆች ናቸው፣ በሸክም። ሌላውን ዓመት «ከመስከረም ጀምሮ ሻይ ያለ ስኳር» አለ። ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣና ስኳሩን በማንኪያ ለብቻው ይቅመዋል። ሲጠየቅ «ሻዩ ውስጥ ገባ እንዴ?» ይላል።

ለልብስ ያለው ፍቅር ግን እስካሁን መስከረም ያልነካው ነበር። ሰኞ ገበያ ሰልባጅ ሲፈታ ሚስባህ የቦንዳው ገመድ ሳይበጠስ ይደርሳል። አንድም ሰው በማያነበው ቋንቋ ጀርባው ላይ የተጻፈበት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጃኬት አለው። በረዶ ላይ ለሚንሸራተት ሰው የተሰፋ ሱሪ አለው፤ ሲራመድ እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። «እኔ ልብስ አልገዛም፤ ፈረንጅ ከጣለበት አድናለሁ» ይላል፣ ሕይወት እንዳተረፈ ሐኪም ደረቱን ነፍቶ።

አምና ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ሐዋ ከኮምቦልቻ መጣች። እዚያ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። እጅጌውን ሌላ ሰው ነው የሚሰፋው፣ ቁልፉን ሌላ። ደክሟት የወንድሟ አልጋ ላይ ቁጭ ስትል እግሯ መሬት አልነካ አላት። ጎንበስ ብላ ብታይ አልጋውን ከሥሩ ልብስ አንስቶታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብስ ነዋ።»

«ማን ይለብሰዋል?»

«እኔ።»

«መቼ?»

ሐዋ አንዱን እጅጌ ሳብ ብታደርግ ሌላውም ተከትሎ፣ ቤቱ በልብስ ሞላ።

«እኔ እዚያ ታች ጎንበስ ብዬ ስሰፋ፣ ይሄ ሁሉ ሸሚዝ የት ገብቶ ያልቃል እል ነበር» አለች። «ለካ አንተ አልጋ ሥር ነው።»

«ይሄ እኮ ሰልባጅ ነው፤ ያዳንኩት ነው።»

«አዳንከው? ከነሱ ጓሮ አውጥተህ አንተ አልጋ ሥር ቀበርከው። ይሄ ማዳን ነው መቅበር?»

ያን ሌሊት ሚስባህ የተኛ አይመስለንም። የመስከረም አንድ ጠዋት የሰፈሩ ቧንቧ ዘንድ ጀሪካን ደርድረን ቆመን ሳለ መጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከመስከረም ጀምሮ» አለ፣ «አንዲት ክር አልገዛም። ያለኝን እለብሳለሁ። ሲቀደድ እራፊ እጥፍበታለሁ። የተረፈኝን ለሚለብስ እሰጣለሁ። ወላሂ።»

እውነትም ሰጠ። የሸዋበር ጎረምሳ በሙሉ ሚስባህን ለብሶ ዞረ። ከሩቅ ሲያዩት ሚስባህ በአንድ ጊዜ ሱቁ በር ላይም፣ መስጊዱ በር ላይም፣ ኳስ ሜዳም ነበር። ለራሱ ያስቀረው ጥቂት ሸሚዝና ሱሪ፣ ከላይ ደግሞ አንድ ወፍራም የሱፍ ኮት ነው። እኛም እጃችንን አጣጥፈን ጥቅምትን ጠበቅን።

ጥቅምት መጣ፤ ነገርየው አልሞተም። ኅዳር ገባ፤ ጭራሽ ባሰበት። ያኔ ነው የፈራነው።

መጀመሪያ ተሳፋሪው ላይ ተነሳ። አንዲት የቦሩ ሜዳ እናት ፌስታል አቅፈው ገቡ።

«እናቴ፣ ቀሚስ ነው?»

«አዎ ልጄ፣ ለእህቴ ልጅ ሠርግ።»

«ባለፈው ሠርግ የለበሱትስ ምን ሆነ?»

«አንተን ምን አገባህ?»

«እኔንማ ምን ያገባኛል፤ የምትጠይቅዎት ምድር ናት።»

«ምድር ናት ሒሳብ የምትሰበስበው? ሒሳብህን ሰብስብ አንተ።»

ሹፌሩ በላቸው ዝምተኛ ሰው ነው። ነገር ግን ተሳፋሪ በየመንገዱ «ወራጅ አለ» እያለ መሸሽ ሲጀምር እሱም ተናገረ። «ክቡር የአልባሳት ሚኒስትር፣ ስብከትህን ሐረጎ ቁልቁለት ላይ አድርገው። እዚያ መውረጃ የለም።»

ቀጥሎ የማጠብ ፍልስፍና መጣ። «ልብስ የሚያልቀው በመልበስ አይደለም፤ በመታጠብ ነው» ብሎ ደመደመ። ጥር ላይ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ሰው አልቀመጥበት አለ። በላቸው መስኮቱን ከፍቶ፣ አንገቱን አውጥቶ እየነዳ፣ «ምድርን አድነህ እኛን ፈጀኸን» አለው። ሚስባህ እውነቱን ለመናገር እሱም ሸቶታል። ግን ቃል የገባ ሰው አፍንጫውን አይሰማም ብሎ ራሱን አጽናና።

መጣፍም ተማረ። መጀመሪያ የጣፈው የሸሚዙን ክርን ነው፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ተጠብቦ ሰፋው። ጨርሶ ሊነሳ ሲል ሸሚዙ አብሮት ተነሳ። ከለበሰው ሱሪ ጋር ነው የሰፋው።

ቀስ በቀስ ግን እጁ ተገራ። ያስቸገረው እራፊ ማግኘት ነው። አንዲት ክር አልገዛም ያለ ሰው እራፊ ከየት ያመጣል? አስቦ አስቦ የሸሚዝ ጀርባ ላይ ደረሰ። የሸሚዝ ጀርባ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ኪስ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ማንም አያርሰው። ኮት ከላይ ከተደረበ ደግሞ ጀርባ ማን ያያል? ከአንዱ ጀርባ ለሌላው ክርን፣ ከሌላው ጀርባ ለሱሪው ጉልበት እየቆረጠ ከረመ። ሚያዝያ ላይ የሚስባህ ሸሚዞች ከፊት ሲያዩዋቸው ሸሚዝ፣ ከኋላ መስኮት ነበሩ። ደሴ ላይ ይሄ ችግር አይደለም። ደሴ ላይ ኮቱን ያወለቀ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል።

ሐዋ ደወለች።

ሳዲቅ የሚባል ልጅ አለ፤ እዚያው ፋብሪካ ማሽን የሚጠግን፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ካለችው ከደጋን የመጣ የገበሬ ልጅ። ሽማግሌ ልኳል። የጋብቻው ኒካ ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ፣ የአከራይዋ የእትዬ ነጂባ ግቢ ይታሰራል።

«ወሊዬ አንተ ነህ» አለችው። «አባባ የሚቀመጥበት ቦታ ተቀምጠህ የምትሰጠኝ አንተ ነህ። አንድ ሸጋ ሸሚዝ ልግዛልህ?»

«ቃል አለብኝ።»

«ላንተ አይደለም፤ ለኔ ብለህ።»

«ሐዋ፣ በሕይወቴ ጥቅምትን የተሻገርኩት ዘንድሮ ነው።»

«እንግዲያው እንደ ሰው ሆነህ ና። የደጋን ሰዎች ሰው የሌላት ናት ብለው እንዳይንቁኝ። ሌላ የምለምንህ የለም።»

ያቺ ቃል ሆዱ ገባች። ኮቱን አጠበ፤ ውሃው ቡና መስሎ ወረደ። ከሸሚዞቹ ፊቱ የሚያምረውን መርጦ አስተኮሰ። ኮሌታው ቀጥ ያለ፣ ደረቱ በረዶ የመሰለ ነበር። ከኋላው ሁለት ክር ወገቡ ላይ ቋጠረ። ኮቱን ደረበና መስታወት ፊት ቆመ፤ ወሊ ማለት ይሄ ነው።

የደሴ ሰው ግን አንድ የማይድን በሽታ አለው። ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚለብሰው በቤቱ መስኮት የደሴን ሰማይ አይቶ ነው። ስንት ዘመን ተመላልሰን እንኳን፣ ከሐረጎ በታች ሌላ አየር እንዳለ የምናስታውሰው ላባችን ዓይናችን ውስጥ ሲገባ ነው። ሚስባህ ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ ኑሮውን የሚኖር ሰው ነው። ግን ሁሌ በሩ ላይ ቆሞ ነፋስ እየመታው ስለሚወርድ፣ ኮምቦልቻ ላይ ኮት ለብሶ ተቀምጦ አያውቅም።

ጠዋት ደሴን ጉም ሸፍኗታል። ኮቱ ተስማማው። ሐረጎ ግማሽ ላይ የላይኛዋን ቁልፍ ነካት። ታች ሲደርስ ላቡ ከጆሮው ሥር መንገድ አውጥቶ ነበር።

እትዬ ነጂባ ግቢ ዳስ ተጥሏል፤ ከዳሱ በላይ ፀሐይ፣ ከዳሱ ሥር የደጋን ሽማግሌዎች። መሐላቸው የሳዲቅ አባት ሐጂ አብዱልወሀብ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ሐዋ ከመጋረጃ ጀርባ ከጓደኞቿ ጋር ናት። ሚስባህን ከሐጂው ፊት ለፊት አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ኮትህን አምጣ ልስቀልልህ» አሉት እትዬ ነጂባ።

«ይቅር እትዬ፣ ደህና ነኝ።»

«ላብህ ምንጣፉን አራሰው እኮ።»

«ብርድ ብርድ ይለኛል።»

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት፣ እኩለ ቀን። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ወባ ነው» አለ አንዱ። «ወባማ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ ሌላው። እትዬ ነጂባ ደግ ሰው ናቸውና ከቤት ጋቢ አምጥተው ከኮቱ በላይ አከናነቡት። ሚስባህ ውስጡ ሲፈላ ተሰማው። ድስት ቢሆን ኖሮ ክዳኑ ይዘል ነበር።

ኒካውን የሚያስሩት ሸህ ኪታባቸውን ከፈቱ። ሐጂ አብዱልወሀብ ግን እጃቸውን አነሱ።

«ትንሽ ይቆይ» አሉ። በግራቸው ወደተቀመጠው ሰው ዘንበል ብለው የተናገሩት ለሁሉም ተሰማ። «እኛ አገር ልጅ የሚሰጥ ሰው ኮቱን አውልቆ ነው የሚቀመጥ። ቤቱ ሆኖ ኮቱን ያላወለቀ ልቡ መንገድ ላይ ነው።»

ሳዲቅ ፊቱ አመድ መሰለ። ሚስባህ ሁሌ እንዲህ ሲጨንቀው የሰው ድምፅ ያወጣል፤ የበላቸውን፣ የሒሳብ አስተማሪውን፣ ገበያ የወጣ የኩታበር ገበሬን። አሁን አንዱንም ቢፈልግ አጣው። መጋረጃው ተገልጦ እትዬ ነጂባ መጡና ጆሮው ላይ ጎንበስ አሉ።

«ሐዋ ‹ምን በደልኩህ› ትልሃለች።»

ሐጂው ከዘራቸውን አጠበቁ። «ልጄ፣ ልጅቷን ለኛ መስጠት ከከበደህ እዚሁ ንገረን። ቂም አንይዝም። ዱዓ አድርገን እንሄዳለን።»

ሚስባህ ተነሳ። ጋቢውን ጣለ። ኮቱን ቁልፍ በቁልፍ ፈታና አወለቀ።

«ማሻአላህ» አሉ ከፊት ያዩት። «ሸጋ ሸሚዝ። ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

ዞረላቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት የፋብሪካ ልጅ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን የያዙት መሰለ።

«ሐጂ» አለ ሚስባህ ጀርባውን እንደሰጠ፣ «ልጅቷን ልከለክላችሁ አይደለም። ጀርባ ስለሌለኝ ነው። ልብስ አልገዛም ብዬ ምዬ የሸሚዜን ጀርባ እራፊ አድርጌ ጨረስኩት። እሷ እንዳታፍር ብዬ ነው የታፈንኩት። ልትንቁ ከሆነ እኔን ናቁኝ። እሷ እኔን ያሳደገች፣ ለአገር ሁሉ ኮሌታ የምትሰፋ ልጅ ናት።»

ቀስ ብሎ ፊቱን መለሰ። ሐጂ አብዱልወሀብ ከዘራቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው የኮታቸውን ቁልፍ እየታገሉ ነበር። እጅጌው ስለጠበባቸው ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ጎተተላቸው። ኮቱ ሲወልቅ ከሥሩ ያለው ጀለቢያ ወንዝ ውስጥ ገብቶ የወጣ ይመስል ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂው፣ አየር እየሳቡ። «አንተ እስክታወልቅ ስጠብቅ ሩሔ ልትወጣ ነበር። ሰጪው ሳያወልቅ ተቀባይ አያወልቅማ። እኔ ደግሞ አንተን ሳይ፣ ይሄ የደሴ ልጅ ኮቱን የማያወልቀው የኔን ንቆ ነው እያልኩ።»

«እኔ? የርስዎን ኮት?»

«የኔ መሰለህ?» ሐጂው ኮቱን አንስተው ዘረጉት። «ይሄ የደጋን ኮት ነው። ልጁን የሚድር ሁሉ ይለብሰዋል። መጀመሪያ የማን እንደነበር የሚያውቅ የለም። ለቀጭኑ ይጠብቡታል፣ ለወፍራሙ ይለቁታል። እኔም ትናንት ነው ልጁን ከዳረ ሰው ላይ የተቀበልኩት፤ ገና ሳይቀዘቅዝ።» ኪሱ ውስጥ እጃቸውን ከተው አንድ የታኘከ መፋቂያ አወጡ። «እነሆ፣ ይሄም የሱ ነው።»

ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሚስባህ ብቻ አፉን ከፍቶ ኮቱን አየ። ዓመቱን ሙሉ ሐረጎ ላይ ሰው አስጨንቆ የሰበከው ነገር ደጋን ውስጥ መፋቂያ በኪሱ ይዞ ይዞራል። አንድም ቀን ጉሮሮውን የጠረገለት ሰው የለም።

ሐጂው የራሳቸውን ፎጣ ሚስባህ ጀርባ ላይ ጣል አደረጉለትና እጁን ከሳዲቅ እጅ ጋር አያያዙ። ሸሁ እያስከተሉት፣ በገዛ ድምፁ፣ እህቴን ሰጥቼሃለሁ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ እልልታው ቀለጠ።

ሊለያዩ ሲሉ ሐጂው የሚስባህን ኮት በጣታቸው ዳበሱ። «ሱፍ ነው። ከኩታበር የሚያገቡ ልጆች አሉን፤ እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የኛ ኮት ደግሞ ለዚያ አገር አይችልም።»

ሚስባህ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ኮቱን ሰጣቸው።

ፎጣውን መልሶ፣ ማታ ከበላቸው ጋር ወደ ደሴ ወጣ። በላቸው ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ኮትህስ?»

«ተድሮ ደጋን ሄደ።»

«ሳይሰናበተኝ?»

ሐረጎ ላይ ጉሙ ተቀበላቸው። ሚስባህ ጀርባውን ወንበሩ ላይ ለጥፎ፣ ክንዶቹን አጥፎ ሳለ ስልኩ ጠራ።

«በረደህ?» አለች ሐዋ።

«ኧረ ደህና ነኝ» አለ፤ ጥርሱ ግን ሲንገጫገጭ ተሰማ።

«ኮቱን ለምን ሰጠሃቸው፣ አንተ ሞኝ?»

«ይልበሱት። አሳፈርኩሽ አይደል?»

«መጀመሪያ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር» አለች። «ኋላ አባባን አሰብኩት። አባባ ቢሆን ኖሮ አያወልቅም ነበር፣ ሚስባህ። ታውቀው የለ ኩራቱን። እኔ ሳላገባ እቀር ነበር እንጂ እሱ አያወልቅም።»

ሚስባህ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሚኒባሱ ደሴ መናኸሪያ ገብቶ ቆመ። በሩን ከፍቶ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ ፊቱን ከተሳፋሪው አዙሮ መጣራት ጀመረ።

«ደሴ፣ ደሴ፣ ደሴ።»

ተሳፋሪው ተያየ። «ልጄ» አሉት አንዲት እናት በቀስታ፣ «ደሴማ ደርሰናል።»

በላቸው ሞተሩን አጠፋ።

«ተዉት እናቴ» አለ። «ይጣራ።»